ናፍቁጭት የተወለደበት ቤት

መምህር ወንድይፍራው ማረፋቸውን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ናቸው። ስልኬ ሲጠራ ከክፍል እየወጣሁ ነበር። «ሰይፉ፣ ጋሼህ ዛሬ ጧት ዐረፉ» አሉኝ። ድምፃቸው የለቅሶ ድምፅ አልነበረም፤ እንባቸውን ከብዙ ዓመት በፊት ለልጃቸው ጨርሰውታል። «ቀብሩ ነገ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ጻፍና አንብብ። ብዙ አታስረዝመው፤ ሰው በብርድ ይቆማል።»

እሺ አልኩ። በከተማችን በሞላሌ ውስጥ የእሳቸውን ታሪክ መጻፍ የማይገባው አንድ ሰው ቢፈለግ እኔ ነበርኩ፤ እትዬ አሰለፈችም ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ጽሕፈቴም ድምፄም ይሻላል ተብሎ፣ በአካባቢው ሰው በሞተ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። ስንቱን ድንበር ገፊ «ደግና ሰው አክባሪ» ብዬ ቀብሬዋለሁ።

መምህር ወንድይፍራውን ግን «ሰው አክባሪ» ብል ሬሳቸውም ቀና ብሎ ያርመኝ ነበር። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ግጥሙ ሲሰበርባት፣ እሳቸው ከእንባቸው መሐል ቀና ብለው «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ በይው» የሚሉ ሰው ነበሩ። ለሰው አይጨነቁም፤ ለቃል ነው የሚጨነቁት። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ከኮታቸው በላይ የበግ ጸጉር ባና ይደርባሉ፤ በዚህ አገር ውርጭ ያለ ባና ጠመኔ መያዝ አይቻልም። ጥሩ ቃል ሲሰሙ ወጥ እንደቀመሰ ሰው ዐይናቸውን ጨፍነው ምላሳቸውን ጠቅ ያደርጋሉ። መጥፎ ቃል ሲሰሙ ደግሞ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ ርእሰ መምህሩ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ መስኮቱን ያዩ ነበር።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ልቦለድ» ብለው ጻፉና ወደ እኛ ዞሩ።

«ልብና ወለደ። ሁለት ነበሩ፤ አሁን አንድ ናቸው። ማን አጋባቸው?»

እርስ በርሳችን ተያየን።

«እሺ፣ ወዛደርስ? ወዝና አደር። እነዚህንስ ማን አጋባቸው?»

ከኋላ አንዱ «መንግሥት!» አለ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቁን አቋርጠው «መንግሥት ቃል አይወልድም» አሉ። «አንድ ሰው ነበረ። አንድ ቀን፣ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ነገር ደርሶበት አንዱ ቃል አልበቃ ቢለው ሁለቱን አስተሳሰረ። ያ ሰው ማን ነው? ምን ሆኖ ነው? የቃሉን ቤት ሳታውቁ ቃሉን አወቅን እንዳትሉ።»

እሳቸው ራሳቸው ቃል እንደሚያጋቡ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። የመምህራን ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው ትምህርት ቤት ስመደብ ቤታችን በአንድ መንገድ ስለሆነ ማታ ማታ አብረን እንገባ ጀመር። በኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ሽፋኑ የተላጠ ደብተር ነበራቸው። እያንዳንዱ ገጽ በሦስት ተከፍሏል፤ «ሙሽሮቹ»፣ «ሽማግሌው»፣ «ቤቱ» ይላል። ሙሽሮቹ የሚጋቡት ሁለት ቃላት ናቸው። የአንዱ ጅራት ከሌላው ራስ ጋር የሚገጥም ፊደል ከሌለው አያጋቧቸውም፤ «ድንበርተኛ ያልሆነ ምን አገናኝቶት» ይላሉ። የሁለት እጃቸውን አመልካች ጣቶች ቆልፈው ሳብ ሳብ ያደርጉና ካልተላቀቀ «ጸና» ብለው ይጽፋሉ።

ሽማግሌ የሚሉት ደግሞ መፈተኛው ነው። በመንዝ ያለ ሽማግሌ ሚስት አይመጣም፤ እሳቸውም ያለ ሽማግሌ ቃል አያስገቡም ነበር። አዲሱን ቃል በገበያ ቀን ይዘውት ይወጡና ለሦስት ሰው፣ ምንም ሳያብራሩ፣ እንደ ዱሮ ቃል አድርገው ይናገሩታል። ሰውየው «ምን አሉኝ?» ካለ ሽማግሌው እንቢ ተብሎ ተመለሰ ማለት ነው። ሳይጠይቅ ከገባው፣ ይልቁንም መልሶ ከተናገረው፣ ሠርጉ ሆነ።

«እንቅልፍ»ና «ፍቅር»ን አጋብተው «እንቅልፍቅር» ብለው ነበር፤ ለሰነፍ ተማሪ የሚሆን። ጨው ነጋዴው «ምን አሉ?» አላቸው። በግ ሻጩ «ምን አሉ?» አላቸው። ሦስተኛዋ ጠላ ሻጭ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለቻቸው። በደብተሩ ላይ በቀይ ሰረዙትና ከጎኑ «ሙሽሪት እንቢ አለች» ብለው ጻፉበት።

«ጉምሽት» ግን አገባች። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን የሚውጥበት የምሽት ሰዓት እዚህ ለሚኖር ሰው የታወቀ ነው፤ ስም ግን አልነበረውም። አንድ ቀን ለሚኒባሱ ረዳት «ጉምሽት ሳይዘን ብንገባ መልካም ነው» አሉት። ረዳቱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «እውነትዎን ነው» ብሎ በሩን ዘጋ። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ልጅ መናኸሪያው ላይ ቆሞ «መሐል ሜዳ! መሐል ሜዳ! ጉምሽት ሳይዛችሁ!» እያለ ሲጠራ ሰማነው። መምህር ወንድይፍራው ክንዴን ያዙኝ። ሊገዙ የወጡትን ጨው ሳይገዙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

«ስብሰባዶ» ደግሞ ጣጣ አመጣባቸው። ስብሰባና ባዶ ናቸው ሙሽሮቹ። ለግማሽ ቀን ተቀምጠን በነበረበት አንድ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው «ይህ ስብሰባዶ መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ማንም «ምን አሉ» ብሎ የጠየቀ የለም። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። ደብዳቤው «ስብሰባዶ የሚል ቃል በመፍጠር የሥራ ዲሲፕሊን በማጉደልዎ» ይል ነበር። እሳቸው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። «አየህ ሰይፉ፣ በማኅተም ወጣ» አሉኝ፤ እንደ ሽልማት አጥፈው ደብተሩ ውስጥ ከተቱት። ያ ደብዳቤ ሳይገኝ መቅረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ መምህር ወንድይፍራው ቃል መፍጠራቸውን የሚመሰክር በዓለም ላይ ያለው አንድ ወረቀት እሱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል፣ «ቤቱ» የሚሉት፣ ቃሉ የተወለደበት ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ምን ሆኖ እንደተወለደ በአንድ በሁለት መስመር ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር። አንዱ ብቻ አያስቅም።

እትዬ አሰለፈችና መምህር ወንድይፍራው አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ እታገኝ። የመልቀቂያ ፈተና ውጤት አልመጣላትም። አባቷ ድጋሚ ተፈተኚ አሏት፤ እሷ ዐረብ አገር እሄዳለሁ አለች። «ልጄን ለሰው ቤት ገረድነት አላሳደግኳትም» አሉ። ተነጋግረው ሳይጨርሱ አንድ ቀን ደላላ ይዟት ሄደ። አባቷ ተቀየሙ። የመንዝ ሰው ቂም እንደ ገብስ ነው፤ ጎተራ ገብቶ ይከርማል። እታገኝ በየወሩ በእናቷ ስልክ ትደውል ነበር። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ «አባባ አለ?» ትላለች። መምህር ወንድይፍራው እዚያው ከምድጃው ዳር ተቀምጠው በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ፤ የለም በይ። እትዬ አሰለፈችም «የለም፣ ወጣ ብሏል» ይላሉ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ሌላ ሰው ደወለ። ታማ ሞተች፣ እዚያው ተቀብራለች፣ አሉ። ሬሳ አልመጣም፤ በምን እንደታመመችም በቅጡ የነገረን የለም። ለቅሶው ላይ ሬሳ ስለሌለ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አውጥተው ተለቀሰበት። በደብሩ ቅጥር ውስጥ እዚህ ናት ተብሎ የሚጠቆም አፈር የለም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ አብረን ስንገባ ከወንዙ ማዶ ቆም አሉ። «ሰው ሁሉ ናፍቆት ነው ይለኛል» አሉ። «ናፍቆትማ ንጹሕ ነገር ነው። ናፍቆት ያለበት ሰው የበደለው የለም። ቁጭት ነውም እንዳልል፣ ቁጭት መልኳን አያመጣብኝም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚይዘኝ ናፍቁጭት ነው።» ጣቶቻቸውን አልቆለፉም፤ ምላሳቸውንም ጠቅ አላደረጉም። ሽማግሌ ይላኩለት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ይህ ገበያ አይወጣም» አሉኝ። በደብተሩ «ሽማግሌው» የሚለውን ክፍት ተዉት። «ቤቱ» በሚለው ሥር «ለእታገኝ፤ ‹የለም በይ› ካልኩበት እጅ» ብለው ጻፉ። ልጅቷ ሐውልት የላትም፤ ቃሉ ሐውልቷ ነበር።

በኋላ አንድ እንግዳ መጣ፤ ወደ ቤታቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ደራሲ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እሱም የሰው ስም አልጠራምና። ለመጽሐፉ የመንዝን ኑሮ ሊያይ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚያስጎበኘው ሰው ትምህርት ቤታችንን ጠየቀ፤ ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ መራው። እኔ ያን ጊዜ በድብቅ አጫጭር ታሪኮች እጽፍ ነበር። በሕይወቴ ደራሲ በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጫማውን እንኳ ሳይቀር አደንቅ ነበር።

አምስት ቀን መምህር ወንድይፍራው ቤት አረፈ። አረቄ ቀረበለት፣ በግ ታረደለት። ከእሳት ዳር ተቀምጦ ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበቡለት። እንግዳው ሲያዳምጥ የሚያምርበት ሰው ነበር፤ ይህን አልክድም። የእታገኝን ገጽ ሲያነቡለት አለቀሰ። እትዬ አሰለፈች ሲያለቅስ አይተው አለቀሱ። በአምስተኛው ቀን እንግዳው «ደብተሩን ገልብጬ በወር ልመልሰው» አለ።

«ጋሼ» አልኳቸው ለብቻቸው ሳገኛቸው፣ «ቢያንስ ስምዎን ይጻፉበት እንጂ። ሽፋኑ ላይ እንኳ ስም የለውም።»

እንደ ሕፃን አዩኝ። «ቅኔ ቤት ስም ሲጻፍ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

እሳቸው በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ወጥተዋል፤ ኋላ ነው ወደ ዘመናዊው የዞሩት። እዚያ ቤት ሰው በሠራው ነገር ላይ አይፈርምም፤ «የእኔ ነው» ማለት ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ነውር ነው። ይህ የልማዱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ፣ የተማረ ሰው በደረሰበት ደብር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው፤ መምህሩን ሳይጠራ አፉን አይከፍትም። ሠሪው ዝም ይላል፣ ተቀባዩ ይናገራል። መምህር ወንድይፍራው ሰው ሁሉ ሁለቱንም ግማሽ ያውቃል ብለው አመኑ። እንግዳው የሚያውቀው ለእሱ የሚመቸውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ደብተሩን ከእጃቸው ተቀብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ አሉት። «ሌላውን እንዳሻህ አድርገው። ይህችን አንዷን ያወጣሃት እንደሆነ የልጄን ስም አብረህ አውጣ።» እጃቸውን ስሞ «በእናቴ አጥንት» አለ። እኔም አጋጣሚውን አላሳለፍኩም፤ ሚኒባሱ ጋ ሸኝቼው ስመለስ ታሪኮቼን የያዘው ፋይል በቦርሳው ውስጥ ነበር። ለአሳታሚ አሳይልሃለሁ ብሎኛል።

ወሩ አለፈ፣ ዓመቱም። ደብተሩ አልተመለሰም። ስንደውል መጀመሪያ «እልካለሁ» አለ፤ ኋላ ስልኩን ማንሣት ተወ። ለእኔ ግን አልፎ አልፎ መልእክት ይልክ ነበር፤ «ታሪኮችህን እያነበብኳቸው ነው፣ በርታ» የሚል። ይህን ለመምህር ወንድይፍራው አልነገርኳቸውም።

መጽሐፉ የወጣው «ናፍቁጭት» ተብሎ ነው። እኛ የሰማነው ከሬዲዮ ነው። ባለወፍጮው ጌጡ ከወፍጮው ድምፅ በላይ ሬዲዮ ይከፍታል፤ እትዬ አሰለፈች ገብስ ሊያስፈጩ ሄደው ወረፋ ሲጠብቁ ጋዜጠኛው ደራሲውን ጠየቀው። «ይህ ድንቅ ቃል እንዴት ተወለደ?» ደራሲው አንድ ዝናባማ ቀን ከፍቅረኛው ተለይቶ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቃሉ እንደ መብረቅ እንደወረደለት ተረከ። የልጅቷ ስም ሶስና ነው አለ። እትዬ አሰለፈች እህሉን እዚያው ጥለው መጡ።

ቃሉ ተዛመተ። ዘፈን ወጣበት፤ በታክሲ የኋላ መስተዋት ተጻፈ፤ ተማሪዎቼ በስልካቸው ይጻጻፉበት ጀመር። አንዲት ልጅ በድርሰቷ ውስጥ «ናፍቁጭት» ብላ ጽፋ መምህር ወንድይፍራው ሲያርሙ አየኋቸው። ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቃሉ ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ትክክል አደረጉላት።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ደራሲው ከአንባቢዎች ጋር ሊወያይ መሐል ሜዳ ከተማ ይመጣል ተባለ። መምህር ወንድይፍራው ልብሳቸውን አሳጠቡ። በሚኒባስ አራት ሆነን ሄድን፤ እሳቸው፣ እትዬ አሰለፈች፣ እኔና ባለወፍጮው ጌጡ። በመንገድ ላይ «አልጣላውም» አሉኝ። «ረስቶት ይሆናል። የከተማ ሰው ብዙ ነገር ነው የሚያስበው። በሰው ፊት የልጄን ስም ካነሣልኝ ይበቃኛል።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከመጀመሩ በፊት ደራሲው በሩ ላይ አየኝና ትከሻዬን አቅፎ «ፋይልህ በጥሩ እጅ ላይ ነው፤ የሚታተም ይመስለኛል» አለኝ። መምህር ወንድይፍራውን ከኋላዬ ቆመው ሳሉ አላያቸውም፤ ወይም አላያቸውም ልበል።

ጥያቄ ሲፈቀድ ተነሡ። ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው ያዙት።

«ልጄ፣ እንኳን ደኅና መጣህ» አሉት። «ይህ ቃል ቤቱ የት ነው?»

የታክሲውን ታሪክ ደገመው። አሁን ዝናቡ ላይ በረዶም ጨምሮበት ነበር።

«የማን ተማሪ ነህ?» አሉት።

«አባቴ፣ ጥያቄዎ አልገባኝም።»

«ቃሉን ከማን ተቀበልክ ነው የምልህ።»

ፈገግ አለ። «ቃል የሕዝብ ነው አባቴ፤ እኔም የሕዝብ ልጅ ነኝ» አለ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት «ሽማግሌው ምን ፈልገው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መምህር ወንድይፍራው ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰይፉ፣ ተነሥ እስቲ። ደብተሩን በእጅህ የሰጠኸው አንተ ነህ። የልጄ ስም ተጽፎበት አልነበረም?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ደራሲውም አየኝ፤ ፈገግታው እንዳለ ነበር። ፋይሌ ታወሰኝ፤ ስሜ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ታየኝ። ተነሣሁ። «ጋሼ… ብዙ ጊዜ ሆነው። በደንብ አላስታውስም» አልኩ።

አልተቆጡም። «አላስታውስም ካልክ ይሁን» ብለው ተቀመጡ። እትዬ አሰለፈች ባናውን ከእጃቸው ወስደው መልሰው አለበሷቸው።

ታሪኮቼ አልታተሙም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ለምን ያህል ነገር እንደሸጥኳቸው እንዲታወቅ ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። «እንደምን አደሩ፣ መምህር ሰይፉ?» አሉኝ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንተ ያሉኝ ሰው አንቱ አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ አንቱ እንዳሉኝ ቀሩ። በበዓል ቤታቸው ስሄድ ወንበር ይለቁልኛል፣ «ይጠጡ እንጂ» ይላሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ቃልም አላጋቡም። ጡረታ ወጡ፤ በገበያ ቀን እንደማንኛውም ሰው ጨው ገዝተው ይመለሱ ነበር።

እንግዲህ የሕይወት ታሪካቸውን ለመጻፍ ስቀመጥ ይህ ሁሉ ነበረብኝ። ከአባታቸውና ከእናታቸው ስም ጀመርኩ፤ ቅኔ ቤት፣ ትምህርት ቤት እያልኩ ወረድኩ። ከዚያ እውነቱን ጻፍኩ። «ናፍቁጭት የተባለውን ቃል የፈጠሩት መምህር ወንድይፍራው ናቸው፤ ለልጃቸው ለእታገኝ መታሰቢያ።» ሁለት መስመር ናት። ስጽፋት እጄ ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ይግረማችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከፍትሐቱ በኋላ ሬሳው ከመውረዱ በፊት አነበብኩት። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ሕዝቡ መሐል ማጉረምረም ተሰማ። ቀና ብዬ ሳይ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ወጣቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይይዛሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጨረስኩ። አፈሩ ተመለሰ።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየዞረ ሳለ ከአዲሶቹ መምህራን አንዱ አጠገቤ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ አንድ ስሕተት አለች መሰለኝ። ያ ቃል የደራሲው ነው። ልጅቷም ሶስና ናት እንጂ እታገኝ የምትባል የለችበትም፤ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ።»

«መጽሐፉ ነው የዋሸው» አልኩት። «ደብተሩን በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ድምፄ ሳይታወቀኝ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለወፍጮው ጌጡ ከወዲያ በኩል ንፍሮውን አስቀምጦ አየኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

«ሰይፉ፣ ያን ጊዜ መሐል ሜዳ እኔ ከኋላህ ተቀምጬ ነበር» አለ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲጠይቁህ አላስታውስም አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?»

ያኔ ነው አልኩ፤ ግን ማንም የሚሰማኝ አልነበረም። ወሬው በየአግዳሚው ወርዷል። «ልጃቸውን ካጡ በኋላ ተምታቶባቸው ነበር አሉ» ይላል አንዱ። «የሰው ቃል የእኔ ነው ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር» ይላል ሌላው። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። ዕድሜያቸውን ሙሉ «የቃሉን ቤት ሳታውቁ ቃሉን አወቅን እንዳትሉ» ሲሉ የኖሩት ሰው አፈራቸው ሳይደርቅ የሰው ቃል ሰራቂ ሆኑ። ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ደራሲው እንኳ ይህን አላደረገባቸውም ነበር።

እትዬ አሰለፈች በሴቶቹ በኩል ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። የልጃቸው ስም ስሕተት ሲባል ሰምተዋል። ተነሥተው በቀስታ ወደ እኔ መጡ፤ ለይቅርታ ቆሜ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ያኔ ዝም ብለህ፣ ዛሬ ምን አናገረህ?» አሉኝ።